«ማች አያደርግም»

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ድንቅ ግሥ አለው፤ ገጠመ፡፡ ክዳን ከድስቱ ጋር ይገጥማል፤ በር ከመቃኑ ጋር ይገጥማል፤ ባለቅኔም ስንኝ ይገጥማል፡፡ ዕቃ ከዕቃ ጋር ልክ መሆኑንም፣ ቃል ከቃል ጋር ተዋድዶ አዲስ ነገር መውለዱንም አባቶቻችን በአንድ ቃል ጠሩት፡፡ እንዲህ ያለ ቃል እያለን ባለፈው ጥር ጂንካ ላይ፣ በወንድሜ ልጅ የመልስ ዕለት ጠዋት፣ ከአንዲት ሙሽራ አልባሽ አፍ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ «ማች አያደርግም!»

ማች የማያደርገው የእናቴ ድሪ ነበር፡፡

ድሪው ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቱ ከአገልግሎት ብዛት የሳሳ፣ ከመካከሉ አንድ ያልቀለጠ ማርያ ትሬዛ የተንጠለጠለበት፡፡ በሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ፡፡ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሯ ግን ከሞተች በኋላም ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲታተም ስለኖረ የአንዱንም ጠገራ ዕድሜ ከፊቱ ላይ ማንበብ አይቻልም፡፡ ገንዘብ ሳለም አንጥረኛ እጅ ሲገባ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል ይሆን ነበር፡፡ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ገንዘብነቱ ሲቀር ጌጥነቱ ብቻውን ቀረ፡፡ የእናቴ እናት ደብረ ማርቆስ ላይ ስትዳር ይህን ድሪ አድርጋዋለች፡፡ እናቴም አድርጋዋለች፡፡ አባቴን ተከትላ ጂንካ ስትገባ፣ አገሩ ገና ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ በሚባልበት ዘመን፣ በመሐረብ ቋጥራ በጉያዋ ያመጣችው እርሱን ነው፡፡ ሁለት እህቶቼ ተድረውበታል፡፡ ተራው የልጅ ልጇ ነበር፡፡

አልባሿ ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ሙያዋም የሚናቅ አይደለም፡፡ ልብሱን አየች፤ ነጭ ሸማ፣ ጥልፉ ወርቃማ፣ ጠርዙ ቡኒ፡፡ ድሪውን አየች፤ ብር፡፡ ፍርዱን ሰጠች፡፡ ሙሽራዋ እናቴን ተመለከተች፤ እናቴ መሬት መሬት ተመለከተች፡፡ በጥድፊያ ሲወልቅ የድሪው ዘለበት ተሰበረ፡፡ በምትኩ ከሻንጣ የኪራይ ጌጥ ወጣ፡፡ ሙሉ «ሴት» ይሉታል (በፊደላችን ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ልብ በሉልኝ)፡፡ ሐብሉ፣ ጉትቻው፣ አምባሩ፣ የግንባሩ ጌጥ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ሁሉ የተቀባ፡፡ ይህ «ሴት» ባለፈው ሳምንት በሌላ አንገት ላይ ነበር፤ በሚመጣው ሳምንትም በሌላ አንገት ላይ ይሆናል፡፡ የዛሬ የሠርግ አልበሞችን ደርድራችሁ ብታዩ ፊቱ ይለያያል እንጂ አንገቱ አንድ ነው፡፡

በዚህም አላበቃም፡፡ «የአካባቢው ባህል ይግባበት» ተባለ፡፡ ጂንካ ነን፤ ሐመሩ፣ በናው፣ አሪው፣ ሙርሲው፣ ዳሰነቹ፣ ማሌው በሚገናኝባት ከተማ ነው የምንኖረው፤ ፎቶው ሲታይ ይህ ይታወቅ ነው ነገሩ፡፡ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፡፡ ከሻንጣው የወጣውን ሳይ ግን ክው አልኩ፡፡ ቢኜሬ ነበር፡፡ ቡኒ ቆዳው ከቀሚሱ ጠርዝ ጋር አንድ ነው፡፡ «ይኼ ማች ያደርጋል!» አለች አልባሿ፡፡ እውነቷን ነው፣ ቀለሙ ልክ ነበር፡፡

ለማታውቁት ልንገራችሁ፡፡ በሐመር ያገባች ሴት በአንገቷ ላይ ኢሰንቴ የሚባሉ ሁለት የብረት ቀለበቶች ታደርጋለች፡፡ ቀጥቃጭ የሚያስገባቸው ናቸው፤ ማታ ወልቀው ጠዋት የሚጠለቁ አይደሉም፡፡ ስለዚህ የአንድ ቀን ሠርግ ማድመቂያ ብሎ ነገር እዚያ አይሠራም፤ ጌጡ የትዳሩ ነው፡፡ ከእነዚህ ጋር የምትደረገው፣ ከቆዳና ከብረት የምትሠራው፣ ፊት ለፊቷ እንደ ቀንድ ጫፍ የምታወጣው ቢኜሬ ናት፡፡ ቢኜሬን የምታደርገው የመጀመሪያዋ ሚስት ብቻ ናት፡፡ ባሏ ሌላ ቢያገባ ሁለተኛዋ አታደርጋትም፤ ሦስተኛዋም አታደርጋትም፡፡ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ዳር ቆሞ፣ ወይም ሰኞ ቱርሚ ላይ፣ ጠጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ያሹ ሴቶች ሲመጡ ያየ ሰው፣ ማንበብ ከቻለ፣ ማን ያገባች፣ ከሚስቶችም ማን ቀዳሚ እንደሆነች አንድ ቃል ሳይጠይቅ ከሩቅ ያውቃል፡፡ ማንበብ ካልቻለ ደግሞ የሚያየው ቡኒ ቆዳ ነው፡፡

ከእንግዶቻችን መካከል ወንድሜ ዲመካ በሠራባቸው ዓመታት ቤተሰብ የሆነችን አንዲት የሐመር እናት ነበረች፡፡ ሙሽራዋን በልጅነቷ አዝላታለች፡፡ አንገቷ ላይ ሁለት ኢሰንቴ አለ፤ ቢኜሬ የለም፡፡ ሁለተኛ ሚስት ናት፡፡ ሙሽሪት ድንኳን ስትገባ ትክ ብላ አየቻት፡፡ እልልታው እስኪበርድ ዝም አለች፤ ከዚያ አጠገቧ ለተቀመጠው ልጇ አንድ ነገር ሹክ አለችው፡፡ ልጁ አንገቱን ደፋ፡፡

«ምን አለች?» አልኩት፡፡

«ሁለተኛዋ መቼ ነው የምትመጣው? ትላለች፡፡»

በዙሪያችን ያሉት ሳቁ፤ እኔም መሳቄን አልክድም፡፡ ሙሽራዋ ከጥቂት ቀን በፊት በተክሊል፣ አክሊል ደፍታ፣ አንድ ለአንድ ብላ የቆመች ልጅ ናት፡፡ በመልሷ ዕለት ግን አንገቷ ያንን ሁሉ እያፈረሰ ነበር፡፡ «መጀመሪያ» የሚል ቃል የተናገረ ሰው መቁጠር ጀምሯልና! ያቺ እናትም የቀለደች እንዳይመስላችሁ፡፡ የተጻፈውን አነበበች፤ ባነበበችው ላይ ተገቢውን ጥያቄ ጠየቀች፡፡ ከዚያ ሁሉ የተማረ ሕዝብ መካከል ማንበብ የቻለችው አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፡፡ ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ነበር፤ ያን ዕለት ያልገባኝ፡፡ እርሷ በሕይወቷ ሙሉ ያላደረገችውን ምልክት፣ የጣውንቷን ምልክት፣ አዝላ ባሳደገቻት ልጅ አንገት ላይ ነው ያየችው፡፡ ስለዚህ ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፡፡

ጠቤ ከአልባሿ ጋር አይደለም፡፡ ጠቤ እርሷም፣ እኛም፣ ፎቶ አንሺውም ሳንጠይቅ ከተቀበልነው ሕግ ጋር ነው፡፡ ሕጉ ጌጥ ከልብስ ጋር ሊስማማ የሚገባው በቀለም ነው፤ በቀለም ከተስማማ ደግሞ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም ይላል፡፡

ግጥም መጻፍ የጀመረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ቤት መምታትን ነው፡፡ «ልቤ» ካለ «ሐሳቤ» ይላል፤ «ዓይኔ» ካለ «ጎኔ» ይላል፡፡ ዓይንና ጎን በዚያ ስንኝ ውስጥ ምን እንዳገናኛቸው አይጠይቅም፡፡ ድምፁ መጣለት፣ አለቀ፡፡ መምህሩ ትንሽ ታግሦ «ልጄ፣ ቤት መትቷል፤ ግን ምን ማለትህ ነው?» ሲለው ነው ግጥም የሚጀምረው፡፡ ቡኒ በቡኒ፣ ወርቃማ በወርቃማ እያሉ ሙሽራ ማስጌጥ ይኸው የጀማሪ ቤት መምታት ነው፡፡ ምን ማለታችን ነው ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን በውበት ሳሎኑ ውስጥ የለም፡፡

ለቅኔያችን ስም ያዋሰው ማን እንደሆነም አትርሱ፡፡ አንጥረኛው ነው! ሰሙን ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀውም ቦታ ወርቁ ይፈሳል፡፡ ሰምና ወርቅ የምንለው ከዚህ ነው፡፡ ታዲያ ስለ ቃል ስንነጋገር ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ያላገኘ አንባቢን የምንንቅ ሰዎች፣ ነገሩ ወደተወለደበት ወደ ጌጡ ስንመለስ ሰሙ ብቻ ይበቃናል እንዴት እንላለን? የጌጥ ሰሙ ቀለሙና ቅርጹ ነው፡፡ በዚያ ዕለት የልጃችን ሰሟ ያማረ ነበር፤ ወርቋ ሐሰት፡፡

ቀለም ማስማማት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፡፡ ቤት የማይመታ ግጥምም ጆሮ ይሻክራል፡፡ እናቴ ራሷ በዚህ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት፤ የነጠላዋ ጥበብና የቀሚሷ ጥበብ ካልተዋደደ ደጅ አትወጣም፡፡ ነገር ግን በእርሷ ዘመን ሥርዓቱ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው፡፡ መጀመሪያ ጌጡ አለ፤ የእናት ነው፣ የአያት ነው፣ አይለወጥም፡፡ ከዚያ ሸማኔው ዘንድ ተሄዶ ለጌጡ የሚሆን ጥበብ ይመረጣል፡፡ የሚያልፈው ልብሱ ነውና ልብሱ ለጌጡ ይታዘዛል፡፡ ዛሬ ግን ጌጡ ለልብሱ እንዲታዘዝ ተፈርዶበታል፤ ያውም ለኪራይ ልብስ!

እኛ ዘንድም ቢሆን ጌጥ ዲዳ አልነበረም፡፡ ጥሎሽ ሲመጣ ያላያችሁ የለም፡፡ ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ አንድ በአንድ እያነሣ «የአንገት ሐብል!» ሲል፣ እልልታው ሲከተል፣ አሮጊቶቹ ዓይናቸውን አጥብበው ሲመዝኑት፣ ያ ወርቅ በሕዝብ ፊት ቃል እየገባ ነው፡፡ ማተብም እንደዚሁ ነው፤ ከሸሚዙ ጋር ስላልሄደ ማተቡን የሚበጥስ፣ ከሸሚዙ ጋር ስለሄደም ሳይጠመቅ የሚያስር ሰው አላየሁም፡፡ የቃል ኪዳን ቀለበትስ? ከጫማዋ ቀለም ጋር ስለተስማማ ብቻ የሰው ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋ አደባባይ የምትወጣ ልጃገረድ ታውቃላችሁ? የራሳችንን ፊደል ስንሆን ማንበብ እንችላለን ማለት ነው፡፡ የጎረቤታችን ሲሆን ነው ቀለም ብቻ የሚታየን፡፡

ይህን ስል የወንድሜ ወንድ ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ያካብዱታል፤ ባህል ይወራረሳል፤ ዳሰነቾችስ የጠርሙስ ቆርኪ ያደርጉ የለም ወይ?» አለኝ፡፡ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ አልፌው አልሄድም፡፡ እውነት ነው፣ ዳሰነቾች ቆርኪ እየሰበሰቡ፣ የተሰበረ የእጅ ሰዓት እየጨመሩ፣ የሚያምር የራስ ጌጥ ይሠራሉ፡፡ እንኳን ቆርኪው፣ «ጥንታዊ» እያልን የምናደንቃቸው የመስታወት ጨሌዎችም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከቬኒስና ከቦሄሚያ እየተጫኑ በነጋዴ እጅ ወደ አፍሪካ የገቡ ናቸው፡፡ ስለዚህ የማንም ጌጥ ከአፈሩ አይውጣ ብዬ አጥር የማጥር ሰው አይደለሁም፡፡ ነገር ግን ቆርኪ ከዳሰነች እጅ ከመግባቱ በፊት ምን ይናገር ነበር? ጠርሙሱ መከፈቱን፣ ሌላ ምንም፡፡ ያነሡት የተጣለ ነገር ነው፣ ቃልም የሰጡት ራሳቸው ናቸው፡፡ ቢኜሬ ግን ሲወሰድ ቃሉ በአፉ ነበር፡፡ ዲዳን ማናገርና የሚናገረውን አፉን መያዝ እንዴት አንድ ይሆናሉ?

«ማክበራችን እኮ ነው» የሚሉም አሉ፡፡ አከበርን የምንለው ሰው ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ «እናቴ፣ ይህ ለልጅሽ ይሆናል?» ቢላት ምን ይጎድል ነበር? ለገበያ ሠርታ የምትሸጠውን ሴት አልወቅስም፡፡ ሥራዋ ነው፣ እንጀራዋ ነው፣ ገዢው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ መጠየቅም ግዴታዋ አይደለም፡፡ መጠየቅ የነበረበት የሚያጠልቀው ነው፡፡

ነገሩ ከሙርሲዎች የከንፈር ሸክላ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል፡፡ ጎብኚ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያወራት አንዲት ተረት አለች፤ ሸክላው በሰፋ ቁጥር የልጅቷ ጥሎሽ በከብት ይጨምራል የምትል፡፡ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ሲያጠና የኖረው ዴቪድ ተርተን ይህን አልተቀበለውም፤ የጥሎሹ ነገር ብዙ ጊዜ ከንፈሯ ሳይበሳ በፊት የሚያልቅ ነውና፡፡ ሸክላው የሚናገረው ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስለ መድረሷ፣ ስለ ክብሯና ስለ ማንነቷ ነው፡፡ ተረቷ ግን አልሞተችም፡፡ ለምን? ጌጥን እንደ ዋጋ መለያ ማንበብ ስለሚቀል ነው፡፡ አንዱ ጌጡን እንደ ዋጋ ያነባል፣ ሌላው እንደ ቀለም ያነባል፤ እንደ ቃል የሚያነብ የለም፡፡ ፎቶ በሒሳብ መነሣት ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ሙርሲዎች ራሳቸው በዘወትር ኑሯቸው የማያደርጉትን ቀንድና ቅጠል፣ ፍሬና አጥንት ሁሉ በራሳቸው ላይ መከመር ጀምረዋል፤ ካሜራው የሚከፍለው ለብዛት መሆኑን ተረድተዋልና፡፡ አልፈርድባቸውም፡፡ እነርሱ እያወቁ፣ ተከፍሏቸው ነው የሚያደርጉት፡፡ የእኛዋ ሙሽራ ግን ሳታውቅ፣ ያውም ከፍላ ነው ያደረገችው፡፡

ብዙዎቻችን ደገኞች የሐመርን ስም መጀመሪያ የሰማነው ከፍቅረማርቆስ ደስታ ልቦለዶች ነው፡፡ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን አንብበን ያደርንበትን ሌሊት አስታውሳለሁ፡፡ በመጽሐፍ ላይ ስናገኘው ያንን ሕዝብ በቃሉ፣ በወጉ፣ በፍቅሩ ልንረዳው ደከምን፤ የማይገባን ቃል ሲገጥመን ትርጉሙን ፈለግን፡፡ ያው አንባቢ ነው አንገትን ሲያይ መዝገበ ቃላቱን አጥፎ የቀለም ናሙና የሚያወጣው፡፡ ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው፡፡ ያን ጠዋት ቢኜሬው ሲወጣ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፡፡ ክው አልኩ ብያችኋለሁ፤ ነገር ግን ሠርግ ነው፣ ሰው ይቸኩላል፣ ፎቶ አንሺው ይጮኻል ብዬ አፌን ያዝኩ፡፡ የእናቴ ድሪ ሲወልቅም አፌን ይዤ ነበር፡፡ ስለ ቃል ክብር የሚጽፍ ሰው ቃል በሚያስፈልግበት በዚያች አሥር ደቂቃ አንድም ቃል አልወጣውም!

ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር፡፡ ልጅቷ ካነሣችው ቆየች፤ ማንም አላላትም፡፡ ባለፈው ወር ደውላ፣ እርጉዝ ናትና፣ «ጋሼ፣ የእማማን ድሪ ለክርስትናው ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ዘለበቱን ግን ጂንካ የሚሠራልኝ አጣሁ» አለችኝ፡፡ እናቴ በዚያው መሐረብ ቋጥራ በሰው ላከችልኝ፡፡

አዲስ አበባ ሁለት ወርቅ ቤት ገባሁ፡፡ አንዱ ሳይነካው «ብር ነው፤ አንሠራም» አለኝ፡፡ ሌላው ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ሊገዛኝ ፈለገ፤ ወይ ደግሞ «ከአዲስ ሞዴል ጋር እንዲሄድ» ወርቅ እንዲቀባ መከረኝ፡፡ ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ናቸው፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፡፡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ድሪውን በጣታቸው እየቆጠሩ ዳሰሱት፡፡ ጠገራውን ገለበጡት፡፡ ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የማን ነው?» የሚል ነበር፡፡ ነገርኳቸው፡፡ ረዥም ነው፣ አዳመጡኝ፡፡ ዘለበቱን አዲስ ላድርገው ወይስ አሮጌውን ልበየደው አሉኝ፡፡ አሮጌውን አልኳቸው፡፡

ሐሙስ ከሰዓት ና ብለውኛል፡፡